ዋጋሽን ሪባኑን ሳትቆርጪ ተናገሪ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ከቤተሰቤ ጋር የምኖር የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ስጦታ ጠቅልዬ በሪባን ማስጌጥ በጣም እወዳለሁ። ጓደኞቼና ጎረቤቶቼ ለልደት፣ ለምርቃት፣ አንዳንዴም ለጥሎሽ ያሠሩኛል። ሪባንና ወረቀቱን ገዝተው ያመጣሉ፤ ስጨርስ አመስግነው ይሄዳሉ። ትምህርቴን አቋርጬ ሥራዬ ብዬ ልያዘው?

መልስ፦ እህቴ፣ ትምህርትሽን አታቋርጪ። ሪባኑንም አትተዪው። እስካሁን ለእጅሽ ሥራ ማንም አልከፈለሽም። ስለዚህ ሥራው ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን አንቺም እኔም ልናውቅ አንችልም። መጀመሪያ ይህን እናስተካክል።

ሂሳብ ያንቺ መስክ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 20 ስፋት፣ 10 ከፍታ ያለው ካርቶን አለሽ እንበል። ሪባኑን በመስቀለኛ ለማሰር ርዝመቱን ሁለቴ፣ ስፋቱን ሁለቴ፣ ከፍታውን አራቴ ደምሪ። 140 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ላዩ ላይ ለምትሠሪው የሪባን አበባ 70 ጨምሪ። ባለ 25 ያርድ ጥቅል 23 ሜትር ገደማ ስለሆነ አሥር ካርቶን ያስጌጥልሻል። ጥቅሉን መርካቶ የምትገዢበትን ዋጋ ለአሥር አካፍዪ። ወረቀቱን፣ ፕላስተሩንና የታክሲውን ጨምሪበት። የፈጀብሽን ሰዓት ደግሞ ለብቻው ጻፊና ዋጋ ስጪው። ብዙዎች የሚዘሉት ይቺን መስመር ነው፤ የአንቺ ደመወዝ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው።

ይሉኝታ እንደሚይዝሽ አውቃለሁ። ለጎረቤት ዋጋ መጥራት ይከብዳል። መፍትሔው ቀድሞ መናገር ነው። ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት ሙሉ ዋጋውን ንገሪያቸው። መቀነስ ከፈለግሽ ከዚያ በኋላ ቀንሺ። ለጥሎሽ ግን ያለ ቀብድ አትጀምሪ። ጥሎሽ ብዙ ካርቶን ነው፤ ቀለሙና አበባው ሁሉ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ሪባኑ መሀል ላይ ቢያልቅ ያንኑ ቀለም ላታገኚው ትችያለሽ። በቴሌብር ግማሹን ተቀበዪና ዕቃውን በአንድ ጊዜ ግዢ።

ገንዘብ የሚከፍል ሰው ጫፍ ጫፉን ያያል። የሳቲን ሪባን ሰያፍ ወይም እንደ ቪ ካልተቆረጠ ይተረተራል። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ሳቲን ፖሊስተር ስለሆነ ጫፉን ለአፍታ ከሻማ አጠገብ ብታሳልፊው ቀልጦ ይጣበቃል። የጥጥ ሪባን ላይ ግን ይህን አትሞክሪ፤ ይቃጠላል። በመቀስ ጠርዝ ሲፋቅ የሚጠቀለለው የፕላስቲኩ ሪባን ነው፤ ሳቲን እንደዚያ አይታዘዝም። አበባው አግድም መተኛት ሲገባው ቀጥ ብሎ ከቆመብሽ፣ ሁለተኛውን ቋጠሮ የመጀመሪያው በሄደበት አቅጣጫ አስረሽዋል ማለት ነው። ፈትተሽ በተቃራኒው እሰሪው። ይህን አጥርተሽ ስትይዥ ዋጋ ለመጥራትም ድፍረት ታገኚያለሽ።

ትምህርት አታቋርጪ ያልኩሽ ሥራው ወቅት ስለሚጠብቅ ነው። ጥር የሰርግ ወር ነው። ከዚያ ዐቢይ ጾም ሲገባ የኦርቶዶክሱ ሰርግ ለ55 ቀን ይቆማል። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይሞቃል፤ ሰኔና ሐምሌ ላይ ምርቃት አለ። ልደትና ዒድ መሀሉን ትንሽ ይደጉሙታል እንጂ የቤት ኪራይ በየወሩ እንደሚመጣው አይመጡም። አሁን ግን ቤተሰብሽ ጋር ሆነሽ፣ ያለ ሱቅ ኪራይ መሞከር ትችያለሽ። ይህን ዕድል ተጠቀሚበት።

የሠራሽውን ሁሉ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ ፎቶ አንሺ። ቴሌግራም ላይ ቻናል ክፈቺና ከነዋጋው ለጥፊው። በጥር ደግሞ አንድ የሰርግ ዲኮር ቤት ወይም የአበባ መሸጫ ሂጂና ለቅዳሜና እሑድ ተጨማሪ እጅ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቂ። ትልቅ ትዕዛዝ እንዴት እንደሚያዝ፣ ደንበኛ እንዴት እንደሚከራከር እዚያ ታያለሽ።

እስከ ምርቃትሽ ድረስ ገቢና ወጪሽን በደብተር ያዢ። የጾሙን ወርም ጨምሮ የሰዓትሽ ክፍያ አንድ ጀማሪ አካውንታንት በሰዓት ከሚያገኘው ካላነሰ፣ ንግድ ፈቃድ ስለማውጣትና ሱቅ ስለመከራየት ያኔ እንነጋገራለን።