ፒልስ ለምትወስዱና ለመጀመር ለምታስቡ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በፋርማሲ ሙያ ነው። ፒልስ፣ ማለትም በየቀኑ የሚዋጠውን የእርግዝና መከላከያ ኪኒን፣ ፈልጋችሁ ስትመጡ ከአኳኋናችሁ አውቃችኋለሁ። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ቫዝሊንና የጥርስ ሳሙና ስታዩ ትቆያላችሁ፤ ከዚያ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ትጠይቁና ማሸጊያውን ቦርሳ ውስጥ ከትታችሁ ትወጣላችሁ። ሐፍረቱ ይገባኛል። ግን በዚያ ጥድፊያ መሃል ዋናው ነገር ሳይነገራችሁ ይቀራል። ፒልስን በትክክል ከሚወስዱ መቶ ሴቶች በዓመት ውስጥ አንዷም ላታረግዝ ትችላለች፤ ብዙ ሰው በሚወስደው መንገድ ሲወሰድ ግን 7 ያህሉ ያረግዛሉ። ኪኒኑ ያው ነው፤ የሚለየው አወሳሰዱ ነው።

እስቲ ማሸጊያውን አውጥታችሁ ተመልከቱት። እኛ ሀገር በብዛት የሚገኘው 28 ፍሬ ያለው ነው። 21ዱ ሆርሞን አላቸው። ቡናማዎቹ 7ቱ የአይረን ናቸው፤ እርግዝና አይከላከሉም፣ የሚጠቅሙት ለደም ማነስና በየቀኑ የመዋጡ ልማድ እንዳይቋረጥ ነው። የወር አበባ የሚመጣውም በእነሱ ሳምንት ነው። ከቡናማዎቹ አንዷን ብትረሱ ጥላችኋት ቀጥሉ።

እኔን የሚያስፈራኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ብዙ ልጆች «ደሜ ገና አልቆመም» ወይም «ደመወዝ ይግባና እገዛለሁ» እያሉ አዲሱን ማሸጊያ ሁለት ሦስት ቀን ያዘገዩታል። ሰባት ቀን ሙሉ ሆርሞን ስላልወሰዳችሁ እንቁላል ማምረቻው መንቃት ጀምሯል፤ በዚያ ላይ ቀን ሲጨመር እንቁላል ሊለቀቅ ይችላል። «ሳላቋርጥ እየወሰድኩ እንዴት አረገዝኩ?» የምትል ልጅ ስትመጣ ቀድሜ የምጠይቃት አዲሱን መቼ እንደጀመረች ነው። የመጨረሻዋን ቡናማ በዋጣችሁ ማግስት፣ ደም ኖረም አልኖረም፣ አዲሱን ጀምሩ። ለበዓል ወደ ገጠር የምትሄዱ ደግሞ ቀጣዩን ማሸጊያ ሳትይዙ አትውጡ።

ከሆርሞኖቹ አንዷን ከረሳችሁ ባስታወሳችሁበት ሰዓት ዋጡ፣ የዕለቱንም በሰዓቷ፤ በአንድ ቀን ሁለት መሆኑ አይጎዳችሁም። በተከታታይ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከረሳችሁ ግን አንዷን ወዲያው ውጣችሁ የቀሩትን በየሰዓታቸው ቀጥሉ፤ ለ7 ቀንም ኮንዶም ተጠቀሙ። የተረሳው በሦስተኛው ሳምንት ከሆነ ሆርሞኖቹን ጨርሳችሁ፣ ቡናማዎቹን ትታችሁ በቀጥታ ወደ አዲስ ማሸጊያ ግቡ። በመጀመሪያው ሳምንት ረስታችሁ ግንኙነት ካደረጋችሁ ፖስትፒል (ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠው ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ) የሚያስፈልገው ያኔ ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በቶሎ በተወሰደ ቁጥር ይሻላል። እሱ ለድንገተኛ ነው፣ በየሳምንቱ መደበኛ መከላከያ አታድርጉት።

የምትወስዱበትን ሰዓት ስትመርጡ ጾም አስቡ። ጠዋት ከቁርስ ጋር የለመደች ልጅ ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ሲገባ ትዛባለች። ማታ ሦስት ሰዓት ግን በሁሉም ወቅት ይመቻል፤ ከእራት በኋላ መዋጥ ማቅለሽለሹንም ይቀንሳል። ስልካችሁ ላይ ደወል ሙሉ። ከዋጣችሁ በኋላ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሳችሁ ሌላ ዋጡ።

የጓደኛ ማሸጊያ ተውሳችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ የደም ግፊታችሁ ይለካ፤ 140/90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ይህ ፒልስ ለእናንተ አይሆንም። ደም ረግቶባት የሚያውቅ፣ ዓይኗ ላይ ብልጭታ እያሳየ የሚመጣ ማይግሬን ያለባት፣ 35 ዓመት ሞልቷት የምታጨስ፣ ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ የምታጠባም ሌላ ዘዴ ትጠይቅ። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲንና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የፒልስን አቅም ያዳክማሉ፤ ስለዚህ የምትወስዱትን ሁሉ ንገሩን። አንድ እግር አብጦ ካመመ፣ ደረት ከወጋ፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከያዛችሁ ወይም ዓይናችሁ ከጋረደባችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሆስፒታል ሂዱ።

«መሃን ያደርጋል» የሚባለው እውነት አይደለም፤ ስታቆሙት የማርገዝ አቅማችሁ ይመለሳል። ሆድ ውስጥም አይከማችም። ከኤችአይቪና ከአባላዘር በሽታ ግን አያድንም፣ ለዚያ ኮንዶም ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ወንዶች ልጆቼም ድርሻ አላችሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጠብ ጠብ የሚል ደም፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡት ሕመም ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ካስቸገራችሁ መሃል ላይ ከማቆማችሁ በፊት ማሸጊያውን ይዛችሁ ኑ፤ ስሙንና መጠኑን አይተን እንቀይርላችኋለን። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ደግሞ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ሰው ፊት መናገር ካልፈለጋችሁ «ለብቻ ላናግርዎት» በሉ፤ ማንም ባለሙያ እምቢ ሊላችሁ አይገባም።