ዱቄቱን እስከ ጣሪያ አስደርድሪ ላሉሽ

እህቴ፣ «አዲስ መጋዘን ገብቻለሁ፣ አለቃዬ ዱቄቱን እስከ ጣሪያ አስደርድሪ ይለኛል፣ ምን ልበለው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ቃሊቲ ንብረት ክፍል ነኝ፤ ይሄው ጣጣ ደርሶብኛል። ስለ ጓንትና ጫማ ሌሎቹ ነግረውሻል፣ አልደግመውም።

1. ከረጢቱን እዪ። ጆንያ እርስ በርሱ ይያያዛል። የፕላስቲኩ ማዳበሪያ ከረጢት ግን ያንሸራትታል፣ ዱቄት ከነካውማ አይጣል ነው። ስለዚህ አንዱን ረድፍ በወርዱ፣ ቀጣዩን በርዝመቱ እያጠላለፉ ይደርድሩ። አሜሪካኖቹ በኦሻ (የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤታቸው) የግንባታ ደንብ ቢያንስ በየ10 ከረጢቱ ይጠላለፍ፣ ወደ ውስጥም ገባ ይበል ይላሉ። አፉ ወደ ውስጥ ይዙር። ስፌቱ ውጭ ሆኖ ከተፈታ ዱቄቱ ይፈስሳል፣ ክምሩም ወደዚያው ያዘነብላል።

2. ከሥር ፓሌት (የእንጨት ርብራብ)፣ ከግድግዳው ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት። «ቦታ አባከንሽ» ይልሻል። ይበል።

3. ጉዱ ያለው ሲወጣ ነው። ሁሉም ስለ አደራደር ያወራል፣ የኛ የወደቀው ግን ስንጭን ነው። መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ የመጋዘኑ ባለቤት ስልክ ላይ ይጮኻል። ጫኝና አውራጆቹ የሚከፈላቸው በኩንታል ስለሆነ ላይ ማን ይውጣ? በትከሻቸው ልክ ያለውን እየሳቡ መሃሉን ቦረቦሩት። «ከላይ በደረጃ አውርዱ!» ብል ባለቤቱ «አንተ ቢን ካርድህን ሙላ» አለኝ፤ የዕቃ መመዝገቢያ ካርዴን ማለቱ ነው። ክምሩ መጀመሪያ ሆዱን ነፋ። ይህን ካየሽ ሰው አስወጪ፣ ለመደገፍ እንዳትሞክሪ። አንዱ ልጅ ሊደግፍ ገብቶ ባለ 50 ኪሎው እግሩን ሰበረው።

ከዚያማ ባለቤቱ «የማኅበሩ ልጅ ነው»፣ የጫኝና አውራጆቹ ማኅበር «የድርጅቱ ሥራ ነው»። አንድ ቢሮ አብሬው ብሄድ ሰውዬው ከስልኩ ቀና ሳይል «ኮንትራት አለው?» ብሎ መለሰን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነት ይጠብቅ፣ አደጋ ሲደርስም መዝግቦ ለሥራ ተቆጣጣሪ ያሳውቅ ይላል። ማን ሰምቶት!

ጥፋቱን በኔ ሊያላክኩ ሲሉ ቀደም ብዬ «ክምሩ በዝቷል» ብዬ የጻፍኩትን፣ ራሱ ባለቤቱ ፈርሞ የተቀበለውን ማስታወሻ አወጣሁ። ጸጥ አሉ። አንቺም በቃል አትከራከሪ፤ ጻፊ፣ አስፈርሚ፣ ቅጂውን ቤትሽ አድርጊ።

በኋላ ግድግዳው ላይ ቀይ መስመር አስቀባሁ፣ ከዚያ በላይ አንድ ከረጢት አይወጣም። ባለቤቱ አሁን እንግዳ ሲመጣ መስመሩን እያሳየ «እኔ ነኝ ያስቀባሁት» ይላል።