አውራ ጣቱ አለ፣ የክንዱ አጥንት ግን የለም

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ከደሴ ሰኞ ገበያ ነው የምጽፍልህ። ልጄ አራት ወሩ ነው፣ ሁለቱም እጆቹ አጠር ብለው ወደ ውስጥ ታጥፈዋል፣ ገላውን ሳጥበው ደግሞ እግሩ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ቀያይ ነጠብጣብ አየሁ። ፕላትሌቱ፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል፣ 22,000 ነው፣ ታር ሲንድረም ነው፣ ፕላትሌት የሚያሳንስና የክንድ አጥንት የሚያሳጣ አብሮ የሚወለድ ሕመም ነው አሉኝ። ጎረቤት ግርዶሽ አይተሽ ነው ይለኛል። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አላጠፋሽም፣ ግርዶሹም የለበትም። አርቢኤም8ኤ የሚባል ጂን (ከወላጅ የሚወረስ የዘር መረጃ) ላይ ያለ ለውጥ ነው፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ከእናት ሌላው ከአባት መጥቶ ልጁ ላይ ሲገናኝ ይመጣል፣ ወላጆቹ ግን ጤነኛ ናቸው። በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ሳይኖር አውራ ጣቱ ራሱ መኖሩ የታር ሲንድረም ትልቅ ምልክት ነው፣ ፋንኮኒ አኒሚያ የሚባለው ሌላ የሚወረስ የደም ሕመም ላይ አጥንቱ ከሌለ አውራ ጣቱም አብሮ ይጠፋልና።

ነጠብጣቡ ከቆዳ ስር የደማ ነው። ጤነኛ ሰው ከ150,000 በላይ ፕላትሌት አለው፣ የሱ በጣም ትንሽ ስለሆነ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነው እንቅልፍ የሚያሳጣን። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን በፍጹም እንዳትሰጪው፣ ክትባት ሲወስድም ፕላትሌቱ ዝቅተኛ ነው ብለሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። የላም ወተት ደግሞ ታር ያለባቸውን ብዙ ልጆች አይስማማቸውም፣ ፕላትሌቱንም ያወርደዋል፣ ስለዚህ እባክሽ ጡትሽን አጥቢው። ከወደቀ፣ ከደማ፣ ወይ ካስመለሰውና ከፈዘዘ ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጂው፣ ፕላትሌት ሊሰጠው ይችላል። እያደገ ሲሄድ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ትምህርት ቤት በሚገባበት እድሜ አብዛኞቹ ወደ ኖርማል ይጠጋሉ። እጁን ፊዚዮቴራፒ አሁኑኑ አስጀምሪው።