ለሐረሯ እህቴ፦ ጅቡቲ 10 ቀን ከመቀመጥሽ በፊት ትኬትሽ የት እንደሚያርፍ እዪ

(ይህን የጻፍኩት በኮሮና ጊዜ፣ ነሐሴ 2013 ላይ ነው። እዚህ ያለው የእንግሊዝ መግቢያ ሕግና ዋጋ ሁሉ የያኔው ነው፤ በ2014 ቀርቷል።)

የለጠፍሽውን ጥያቄ አነበብኩት። ለአባትሽ ለቅሶ ከበርሚንግሃም ሐረር መጥተሻል። ፈጣሪ ያጽናሽ። የ7 ዓመት ሴት ልጅሽና የ13 ዓመት ወንድ ልጅሽ አብረውሽ ናቸው። ኢትዮጵያ እንግሊዝ በኮሮና ምክንያት ባወጣችው ቀይ መዝገብ ውስጥ ስለሆነች በቀጥታ ከተመለሳችሁ ሦስታችሁም ከፍላችሁ ኳራንቲን ሆቴል ትዘጋላችሁ። «ጅቡቲ ወርጄ 10 ቀን ብቆይ ከሆቴሉ እድናለሁ ወይ?» ነው ያልሽው። ግማሹ ሰው «ቀላል ነው፣ ሂጂ» ብሎሻል። ግማሹ «አይሆንም፣ ገንዘብሽን አትጨርሺ» ብሎሻል። የመለሱልሽ ሰዎች አላደረጉትም። እኔ ባለፈው ወር አድርጌዋለሁ። መልሱ «ይሆናል፣ ግን» ነው። እኔ «ግን» የምትለዋን ሳላውቅ ገብቼ 1,750 ፓውንድ ከፈልኩ።

ቀይ ምንድነው፣ ቢጫ ምንድነው እያልኩ ብዙ አላደክምሽም፤ ከቀይ አገር የመጣ ሆቴል፣ ከቢጫ አገር የመጣ ቢበዛ ቤቱ ነው የሚዘጋው። ኢትዮጵያ መጋቢት 10 ቀን 2013 ቀይ ከገባች ወዲህ ይህን ያልተማረ ሐበሻ እንግሊዝ አገር የለም።

1ኛ. ሒሳቡን ዛሬ ሥሪ። እኔ ስገባ ሆቴሉ ለአንድ ሰው 1,750 ፓውንድ ነበር። ከነሐሴ 6 ቀን 2013 ጀምሮ 2,285 ሆኗል። ክፍል ለሚጋራ ሁለተኛ ሰው 650 የነበረው 1,430 ገብቷል። ልብ በይ፣ የ13 ዓመቱ ልጅሽ እንደ ልጅ አይታሰብም። ከ11 ዓመት በላይ የትልቅ ሰው ዋጋ ነው። የ7 ዓመቷ 325። ሲደመር 4,040 ፓውንድ ይመጣል። ቤኔፊት (የመንግሥት ድጎማ) የሚያገኝ ሰው በ12 ወር ከፋፍሎ እንዲከፍል መጠየቅ ይችላል እንጂ ዕዳው አይቀርለትም። ሁለቱን ክትባት ጨርሻለሁ ብለሽም አትጽናኚ። ከቀይ አገር ለሚመጣ ሰው ክትባት ሆቴሉን አያስቀርም።

2ኛ. ቀኑን በትክክል ቁጠሪ። የሚጠይቁሽ እንግሊዝ ከመግባትሽ በፊት ባሉት 10 ቀናት ውስጥ ቀይ አገር ነበርሽ ወይ ብለው ነው። የጅቡቲን ድንበር፣ ደወሌን፣ የተሻገርሽበት ቀን አይቆጠርም፤ ጠዋት ኢትዮጵያ ነበርሽና። እኔ 11 ሌሊት ነው ያደርኩት። የአንድ ቀን የአልጋ ዋጋ ለማትረፍ ብለሽ አትጣበቢ።

ስለ ድንበሩ ካነሳሁ አይቀር የኮሮና ምርመራ ወረቀትሽን ነገር ልንገርሽ። ድሬዳዋ የተመረመርኩበት ቦታ ወረቀቱን ሲሰጡኝ አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩት። ደወሌን አልፈን የጅቡቲው ፖሊስ ሲያየው ራሱን ነቀነቀ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነው የተጻፈው፣ 2013 ይላል። ሰዓቱም በእኛ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት የተወሰደው ናሙና 3:00 ተብሏል፤ ለእሱ ያ ሌሊት ነው። በዚያ ላይ ፓስፖርቴ ላይ ያለው የአያቴ ስም ወረቀቱ ላይ የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። በመጨረሻ ሾፌሩ በሶማሊኛ አስረድቶ አሳለፈኝ፤ አላህ ይስጠው። አንቺ ከመስኮቱ ሳትነሺ አንብቢው። ቀኑ በፈረንጅ፣ ሰዓቱ በፈረንጅ፣ ስምሽ ልክ እንደ ፓስፖርትሽ። ካኮረፉሽ ያኩርፉ፣ አስተካክለው ይስጡሽ።

3ኛ. ትኬቱ። እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ታገሺኝና ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

እናቴ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው ያለችው። ሰኔ ላይ ታማ ነው ከለንደን የመጣሁት። አልሐምዱሊላህ፣ ቀስ በቀስ ተሻላት። አረፋን ከእሷ ጋር ውዬ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ግን ሥራ ቦታዬ የሰጡኝ ፈቃድ እያለቀ ነው። የጅቡቲውን 10 ቀን ስጨምርበት ከአረፋ 5 ቀን በፊት መውጣት ነበረብኝ። እናቴ «ሰው በዓል ሲደርስ ወደ ቤቱ ይመጣል፣ አንቺ ትሄጃለሽ?» አለችኝ። ሆቴሉን ካመለጥኩ በተረፈው ገንዘብ ለዓመቱ መድኃኒቷን እገዛለሁ ብዬ ልቤን አጠነከርኩ።

ከመውጣቴ በፊት እዚያው ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ትኬት ቢሮ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል ከጅቡቲ በኢስታንቡል አድርጎ ለንደን የሚገባ ትኬት አወጣልኝ። ዋጋው ደህና ነው። «ይህ መስመር ለእንግሊዝ ችግር የለበትም?» አልኩት። «የለም አቦ! ከኤርፖርት አትወጪም፣ ትራንዚት አይቆጠርም» አለኝ። ደግሜ ጠየቅኩት። ሰለቸው። «ስንቱን ልኬያለሁ መሰለሽ» ብሎ ማተሚያውን ተጫነ።

እህቴ፣ ትራንዚት ይቆጠራል። ቀይ አገር ላይ ከአውሮፕላን ወርደሽ ሌላ ከተሳፈርሽ፣ ሁለት ሰዓትም ይሁን ከኤርፖርቱ በርም አትውጪ፣ ቀይ አገር ነበርሽ ማለት ነው። ቱርክ ደግሞ ከግንቦት 4 ጀምሮ ቀይ ናት። መዝገቡን እኔ ራሴ አንብቤዋለሁ፤ ስልኬ ላይ ነበር። ግን ያነበብኩት የምተኛበትን አገር ለማወቅ ነው። ጅቡቲ ቢጫ መሆኗን አየሁ፣ ደስ አለኝ፣ ዘጋሁት። አውሮፕላን የምቀይርበትን አገር አልፈለግኩም።

ጅቡቲ በሐምሌ ምን እንደሆነች የድሬ ሰው ያውቃል። የእኛን ሙቀት የለመደ ሰው እንኳ እዚያ ይንበረከካል። ኻምሲኑ፣ ያ የበረሃ ትኩስ ነፋስ፣ ሲነፍስ መስኮት ስትከፍቺ ምጣድ ፊት የቆምሽ ነው የሚመስልሽ። ለአዳር 7,000 ፍራንክ ከፈልኩ፤ ዶላሩ በ177 ፍራንክ ነው። ርካሽ ክፍል አለ፣ ኤሲ ግን የለውም። ከልጆች ጋር ያንን አትሞክሪው። አረፋ ዕለት ሱቁ ሁሉ ዝግ ነበር። ዳቦና ቱና በልቼ እናቴን በስልክ «ዒድ ሙባረክ» አልኳት። ከጀርባዋ የጎረቤቶቻችን ልጆች ሲጫወቱ ይሰማኛል። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

በ11ኛው ቀን ማታ ኤርፖርት ሄድኩ። ቼክ ኢን ላይ ያለችው ልጅ ፎርሜን አየች፤ እንግሊዝ የሚገባ ሰው የነበረበትን አገር የሚሞላበትን። ትኬቴን አየች። ጣቷን «ኢስታንቡል» የሚለው ላይ አድርጋ «ሆቴልሽስ?» አለችኝ። «ምን ሆቴል? ከጅቡቲ ነው የምመጣው፣ 11 ሌሊት አድሬያለሁ» አልኳት። የአልጋ ደረሰኜን ዘረገፍኩላት። ኮምፒውተሯን አዙራ አሳየችኝ። በቅንነት ነበር ያስረዳችኝ፤ አላዋረደችኝም። የኳራንቲን ሆቴል ቀድሜ ካልያዝኩ መሳፈር እንደማልችል ነገረችኝ። በፓሪስ የሚሄድ ጠየቅኩ። ፈረንሳይ ቢጫ ስለነበረች እሱ ቢገኝ ቢበዛ ቤቴ ተዘግቼ ነበር የምቀመጠው። ቦታ ያለው ከቀናት በኋላ ነው፣ እስከዚያ ምርመራዬ ጊዜው ያልፋል፣ ዋጋውም ከአቅሜ በላይ ነው።

ጠረጴዛው ጥግ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ሆቴሉን ለመያዝ ሞከርኩ። ካርዴን አስገባሁ። ባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር ወደ እንግሊዙ ስልኬ ላከ። የእንግሊዙ ሲም እዚያ አይሠራም። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። መሳፈሪያው ሊዘጋ 40 ደቂቃ ሲቀር ለንደን ያለች ጓደኛዬን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት፤ በራሷ ካርድ ከፈለችልኝ። እስካሁን ዕዳዋን አልጨረስኩም። አንቺ ከሐረር ሳትወጪ ሲምሽ ከውጭ መልእክት እንደሚቀበል አረጋግጪ፤ ለሆቴል ባይሆን ለሌላ ክፍያ ትፈልጊዋለሽ።

የለንደኑ ኤርፖርት ሂትሮው ላይ ከቀይ አገር የመጣ መንገደኛ በተርሚናል 4 ነበር የሚገባው፣ ለብቻው። ከዚያ በአውቶቡስ። የገባሁበት ቀን ዜሮ ነው፣ አይቆጠርም። መስኮቱ አይከፈትም። ምግብ በወረቀት ከረጢት በር ላይ ያስቀምጡና አንኳኩተው ይሄዳሉ። በአራተኛው ቀን አየር ለመውሰድ ጠየቅኩ። ዘበኛው ስሜንና የክፍሌን ቁጥር ደብተሩ ላይ ጽፎ ከኋላዬ እየተከተለ መኪና ማቆሚያው ላይ ሩብ ሰዓት አዞረኝ። እናቴ በየቀኑ ትደውላለች። «አገርሽ ገብተሽ ለምን ቤትሽ አትገቢም?» ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት? አረፋዋን ጥዬባት የወጣሁት ለከንቱ መሆኑን እስካሁን አልነገርኳትም።

ለትኬት ቢሮው ደወልኩ። ልጁ «መስመሩን የመረጥሽው ራስሽ ነሽ» ብሎ ዘጋብኝ። ይህ ነው ያናደደኝ። ሰው ይሳሳታል፣ ይገባኛል። ግን ቢያንስ «አፉ በይኝ» ይባላል። ደግሞም እኮ ያንን መስመር ለሌላ ሰው ዛሬም እየሸጠ ነው፤ ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ለዚህ ነው።

እና አሁን ላንቺ። ኢስታንቡል ይህን ስጽፍልሽም ቀይ ነው፣ አትንኪው። ከጅቡቲ ተመልሶ በአዲስ አበባ የሚያልፍ ትኬትም ርካሽ ሆኖ ታገኚዋለሽ። እሱ ደግሞ ራሷ ኢትዮጵያ ናት፤ ቆጠራሽ ሁሉ ውኃ ይበላዋል። እኔ ሳልፍ ዶሃና ዱባይም ቀይ ነበሩ። ከነሐሴ 2 ጀምሮ ግን ሁለቱም ቢጫ ሆነዋል። እኔ ከሆቴሉ የወጣሁት ነሐሴ 1 ነው። ስለዚህ ያንቺ መንገድ ከእኔ ሰፊ ነው፤ ጅቡቲ፣ ከዚያ ዶሃ፣ ከዚያ እንግሊዝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሬ ገንደ ቆሬ ሰፈር ልጅ ትኬቷን ከመግዛቷ በፊት አሳየችኝ፣ መስመሩን አብረን አስተካከልን። በዶሃ በኩል አልፋ ቀጥታ ቤቷ ገባች። ስትደውልልኝ የራሴ ገንዘብ የተመለሰልኝ ያህል ደስ አለኝ።

ክትባትሽን የወሰድሽው እንግሊዝ አገር ከሆነ፣ ከሐምሌ 12 ጀምሮ ከቢጫ አገር ስትመጪ ቤት መዘጋትም የለብሽም። ልጆችሽም ከ18 በታች ስለሆኑ እንዳንቺ ናቸው። ድሬ ወይ ሐረር የተወጋሽው ግን አይያዝልሽም። ከመነሳትሽ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ አንቺና የ13 ዓመቱ ትመረመራላችሁ። የ7 ዓመቷ እሱ አያስፈልጋትም፤ ከገባችሁ በኋላ የሁለተኛው ቀን ምርመራ ግን ለእሷም አለ። ለሦስታችሁም ቀድመሽ እዘዢ፣ የትእዛዙን ቁጥር ፎርሙ ይጠይቅሻል። የጅቡቲ ላብራቶሪ ወረቀት በፈረንሳይኛ ቢሆንም ይቀበሉታል፤ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ ወይ ስፓኒሽ ይሆናል።

4ኛ. አንዱ ከስር «ኢትዮጵያ ነበርኩ ብለሽ አትጻፊ፣ ማን ያውቃል» ብሎሻል። ወላሂ እንዳትሰሚው። ፓስፖርትሽ ላይ የቦሌ ማህተም አለ። ፎርሙ ላይ መዋሸት እስከ 10 ዓመት እስር አለው ተብሎ ታውጇል። ከኳራንቲን መጥፋት ደግሞ እስከ 10,000 ፓውንድ ያስቀጣል። ልጆች ይዘሽ እዚያ ውስጥ አትግቢ። ሁሉንም እውነቱን ጻፊ፣ ኢትዮጵያንም ጅቡቲንም ዶሃንም፣ ቀኖቹን አስተካክለሽ። 10 ቀንሽ ከሞላ የምትፈሪው ነገር የለም።

ሌላ ደግሞ መዝገቡ በየሦስት ሳምንቱ ገደማ ይታያል። ነሐሴ 24 ቀን 2013 ታይላንድና ሞንቴኔግሮ ቀይ ገብተዋል። ጅቡቲ ቁጭ ብለሽ ሳለ ጅቡቲ ራሷ ልትቀላ ትችላለች፤ ማንም ዋስ አይሆንሽም። ስለዚህ ቀኑ የሚቀየር ትኬት ግዢ፣ ትንሽ ቢወደድም። በየማታው የእንግሊዝ መንግሥትን ድረ ገጽ ራስሽ ክፈቺ። የሰው ወሬ ይዘሽ፣ የእኔንም ጨምሮ፣ ከሐረር አትነሺ።

ደንገጎን ወርደሽ ድሬ ስትደርሺ ቸኩለሽ ቢሮ አትግቢ። የቀረበልሽን መስመር ፎቶ አንስተሽ መጀመሪያ ለእኔ ላኪው። ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ። የትኬቱን ዋጋ ሳይሆን መሃል ላይ የሚያርፍበትን ከተማ በደንብ የሚታይ አድርገሽ አንሺው።