የቅድመ አያቴ ዕድሜ በየመዝገቡ ለምን ይለያያል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የቅድመ አያቴን ታሪክ እያፈላለግኩ ነው። የቀን ሠራተኛ ነበር፣ ፎቶ እንኳ የለውም። የጋብቻ መዝገቡ 24 ዓመቱ ነው ይላል፤ ከስምንት ዓመት በኋላ በሕዝብ ቆጠራ ላይ 29 ተብሏል፤ በሞቱ መዝገብ ሲሰላ ደግሞ ሲያገባ ገና 20 ዓመቱ ነበር። የተለያዩ ሰዎች ይሆኑ እንዴ? ደግሞስ የእንደዚህ ያለ ተራ ሰው ኑሮ ከወረቀት ይገኛል? (የልጅ ልጅ ልጁ ነኝ)

መልስ፦ ዕድሜው ስላልገጠመ ብቻ ሰውየውን እንዳትተዪው! በዚያ ዘመን ብዙ ሰው የተወለደበትን ቀን በትክክል አያውቅም ነበር፣ ቆጣሪውም ቤት ያገኘውን ሰው ጠይቆ ነው የሚጽፈው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1841 በተደረገው ቆጠራ እንዲያውም ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ ወደ ታች እየተጠጋጋ በአምስት በአምስት እንዲጻፍ ታዞ ስለነበር፣ የ34 ዓመቱ ሰው 30 ተብሎ ተመዝግቧል። የሞት መዝገብ ላይ ደግሞ መረጃውን የሚሰጠው ሟቹ አይደለም፤ ልጅ ወይም ጎረቤት ነው፣ ያውም በሐዘን ላይ ያለ። እኔ ከሦስቱ ዕድሜዎች ይበልጥ የማምነው ራሱ ቆሞ የተናገረበትን የጋብቻውን ነው፤ እሱም ቢሆን ትልቅ መስሎ ለመታየት ጨምሮበት ሊሆን ይችላል።

አንድ ሰው መሆኑን የሚነግሩሽ በዙሪያው ያሉት ናቸው። የሚስቱ ስም፣ የልጆቹ ስምና ቅደም ተከተል፣ ሥራው፣ የኖረበት መንደር በሦስቱም ላይ ከገጠሙ የዕድሜው ነገር ብዙም አያስጨንቅሽ። የስሙ አጻጻፍ ቢለያይም እንደዚያው፤ ጸሐፊው የጻፈው የሰማውን ነው።

ወደ ኑሮው ስንመጣ፣ አዎ ይገኛል። ጋብቻው ላይ ፈርሟል ወይስ የመስቀል ምልክት ነው ያደረገው? ምልክት ከሆነ መጻፍ አይችልም ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። ምስክሮቹ እነማን ናቸው? ብዙ ጊዜ ወንድም፣ እህት ወይም የሥራ ባልደረባ ናቸውና የእነሱን መዝገብም ፈልጊ፤ የእሱ ወላጆች እዚያ በኩል ብቅ ሊሉ ይችላሉ። ልጆቹን በልደት ቀን ደርድሪያቸው። በመሃል ረጅም ክፍተት ካየሽ የቀብር መዝገብ ተመልከቺ። በብዙ አገር ልጅ ሲሞት ቀጥሎ ለተወለደው ያንኑ ስም መስጠት የተለመደ ነበርና አንድ ስም ሁለቴ ብታገኚ ስህተት ነው ብለሽ አትለፊው፣ ቤቱ የገባው ሐዘን ሊሆን ይችላል። የድሆች እርዳታ፣ የፍርድ ቤትና የውትድርና መዝገቦችም አሉ፤ የቀን ሠራተኛ ስም እነዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

መዝገብ አጣሁ ብለሽ ደግሞ ሰውየው አልነበረም አትበዪ። የአሜሪካ የ1890 ቆጠራ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አብዛኛው በ1921 በዋሽንግተን በደረሰ ቃጠሎ ምክንያት ጠፍቷል፣ የአየርላንድ ቤተ መዛግብትም በ1922 በጦርነት ወድሟል። አንዳንዱ መዝገብ ደግሞ ገና አልተከፈተም፤ አሜሪካ የቆጠራ መዝገቧን ለሕዝብ የምትከፍተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው፣ የ1950ው የተከፈተው በ2022 ነበር።

ፋሚሊሰርች የተባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ብዙ መዝገብ በነፃ ታገኚያለሽ። ግን እባክሽ፣ ሌላ ሰው የሠራውን የዘር ሐረግ እንዳለ አትቅጂ። የመዝገቡን ፎቶ ራስሽ ከፍተሽ አንብቢ፣ ከላይና ከታች ያሉትን ስሞች ጭምር፣ ምክንያቱም በቆጠራው ገጽ ላይ የተደረደሩት ጎረቤቶቹ ናቸው። እኔ ብሆን ነገ የምጀምረው ከጋብቻው ምስክሮች ነው።