ሙክቱን ትቶ ከሲታውን ወጠጤ ጭኖ የሄደው ገዢ

ጥያቄው የመጣው መተሐራ አካባቢ ፍየል ከሚያደልብ አንድ ወንድማችን ነው። አሳጥሬ ላቅርበው። «ሰባት ወር የቀለብኳቸውን 12 ሙክቶች ለኤክስፖርት ቄራ የሚሰበስብ ነጋዴ መጥቶ አየና አንዱንም ሳይወስድ ሄደ። ከጎረቤቴ ግን ጎድናቸው የሚቆጠር ወጠጤዎችን ጫነ። ከታረዱ በኋላ ደግሞ የአራቱን ሥጋቸው ጠቁሯል ብሎ ከሂሳቡ ቀነሰ። ይሄ ምን የሚሉት ንግድ ነው? ደግሞ ዱባይ ወንድም አለኝ። ራሴ አርጄ፣ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ አድርጌ በአውሮፕላን ብልክለትስ?»

ወንድሜ፣ ነጋዴው አልናቀህም። ሙክቶችህ ጥሩ ሙክቶች ናቸው። ግን ለአውሮፕላን የሚሆኑ አይደሉም።

ሞጆ፣ ቢሾፍቱና ባቱ አካባቢ ያሉት ኤክስፖርት ቄራዎች በብዛት የሚልኩት የበግና የፍየል ሥጋ ነው። ሳይቆራረጥ፣ ሙሉውን፣ ስስ የጨርቅ ከረጢት አልብሰው። ቀዝቅዞ ይሄዳል እንጂ በረዶ አይሆንም። አብዛኛው የሚያርፈው ኤምሬቶችና ሳዑዲ ነው። እዚያ ያለው ባለ ሥጋ ቤት ልክ እንደኛው አንጠልጥሎ ይሸጠዋል፣ ገዢው ግን ትንሽ፣ ቀላ ያለና ስብ ያልበዛበት ሥጋ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ የሚፈለገው ያልተቀጠቀጠ፣ ለጋ፣ በቁሙ 20 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ወንድ ፍየል ነው። ከእሱ 8 ወይም 9 ኪሎ ሥጋ ይወጣል። እኛ ጮማ ስናይ ዓይናችን ይበራል፣ የባሕረ ሰላጤው ሰው ይሸሸዋል። የካርጎ ሂሳብ ደግሞ በኪሎ ነው። ማንም የማይገዛውን ጮማ ትኬት ቆርጦለት የሚያሳፍር ላኪ የለም።

አሁን ወደ ጠቆረው ሥጋ እንምጣ፣ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና።

ፍየል ጡንቻው ውስጥ የሚያጠራቅመው ስኳር አለ። ሲታረድ ያ ስኳር ወደ አሲድ ይለወጣል። በቁም እያለ 7 ገደማ የነበረው ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 5.5 አካባቢ ይወርዳል። ሥጋውን ቀላ የሚያደርገውም፣ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጠብቀውም ይሄ አሲድ ነው። ፍየሉ ከመታረዱ በፊት ከተደበደበ፣ ከተጠማ፣ ሌሊቱን መኪና ላይ ቆሞ ካደረ፣ ከማያውቃቸው ወጠጤዎች ጋር ሲዋጋ ከዋለ ግን ስኳሩን እዚያው ይጨርሰዋል። ቢታረድ አሲድ የሚሆን ነገር የለም። ፒኤቹ ከ6 በላይ ይቀራል፣ ሥጋው ይጠቁራል፣ ሲነኩት ይደርቃል፣ ባክቴሪያም ቶሎ ይፈላበታል። ይሄን ሥጋ የትኛውም ማቀዝቀዣ አይመልሰውም።

አንድ ቄራ ውስጥ እንስሳ መቀበያው ላይ ስሠራ ያየሁትን ልንገርህ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንድ አይሱዙ ገባ። ፍየሎቹ እግራቸው ተጠፍሮ አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረዋል፣ ከላይ ደግሞ ሁለት ልጆች ተቀምጠውባቸዋል። የካርጎው ቦታ ለማግስቱ ተይዟል፣ አውሮፕላን ቆሞ አይጠብቅም፣ ስለዚህ ሳያርፉ ይታረዱ ተባለ። ተው ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። በማግስቱ ማቀዝቀዣው ክፍል ስገባ መንጠቆ ላይ የተሰቀለው ግማሹ ጉበት መስሏል። ታፋና ጎድኑ ላይ የጣት ቅርጽ ያለው ሰማያዊ ሰንበር ይታያል፤ ፀጉራቸውን ይዘው እየጎተቱ ነው የጫኗቸው። ሰንበሩ ተቆርጦ ሲወጣ ደግሞ ሥጋው ሙሉ መሆኑ ቀረ። ሙሉ ያልሆነ ሥጋ ያኔ አይጫንም ነበር።

የጎረቤትህም አራቱ ፍየሎች እንዲህ የሆኑ ይመስለኛል። የደጋ ፍየልና በግ ሥጋው ቶሎ ይጠቁራል እያሉ ላኪዎች የቆላውን ይመርጣሉ። እናንተ ቆላ ናችሁ፣ በዘሩ ታድላችኋል። የተበላሸው ከበረት እስከ ቄራ ባለው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

ከመታረድ በኋላ ያለው ጉዞ ያንተ ሥራ አይደለም፣ ግን ለምን እንዲህ እንደሚጨነቁ ብታውቀው ጥሩ ነው። ሥጋው አንድ ቀን ያህል ማቀዝቀዣ ክፍል አድሮ ውስጡ ድረስ ከ4 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ከዚያ በማቀዝቀዣ መኪና ወደ ቦሌ ይሄዳል። በረራው ራሱ አጭር ነው፣ ጅዳ ሁለት ሰዓት አለፍ ቢል ነው፣ ዱባይ አራት ሰዓት ገደማ። ሰው አየር ላይ የሚበላሽ ይመስለዋል፤ የሚበላሸው ምድር ላይ ነው። ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ አውሮፕላን ሲዘዋወር ፀሐይ ላይ የሚቆምባት ደቂቃ ናት ጠላቱ። እዚያ ማዶ ሲደርስ ደግሞ በእነሱ በጋ ከ40 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ይቀበለዋል። ፒኤቹ ያልወረደ ሥጋ ይቺን መንገድ አይችላትም።

የወንድምህን ነገር ቁርጡን ልንገርህ፤ አይሆንም። ሥጋ ድንበር የሚያልፈው ተቀባዩ አገር ከሚያውቀው ቄራ፣ ከእርድ በፊትና በኋላ ሐኪም አይቶት፣ የጤናና የሐላል ወረቀት ይዞ ነው። ጓሮ የታረደ ሥጋ ይሄን ወረቀት ከየትም አያገኝም። ቋንጣም ያው ሥጋ ነው፣ «ደረቅ ስለሆነ ምንም አይል» አትበል።

ወረቀቱ ቢኖር እንኳ የቤት ፍሪጅ ቀስ ብሎ ነው በረዶ የሚሠራው። ቀስ ብሎ የተሠራ በረዶ ትልልቅ ነው፣ የሥጋውን ውስጥ ይቀዳድደዋል። ሲቀልጥ ያ ሁሉ ጭማቂ ሳህን ላይ ይፈሳል። በረዶ የሆነ ሥጋ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ እንደሆነ መድረስ አለበት፣ ለዚያ ደግሞ የፎም ሳጥንና ደረቅ በረዶ (በቅዝቃዜ የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ያስፈልጋል። ደረቅ በረዶ ጋዝ ስለሚሆን አየር መንገዶች አደገኛ ዕቃ ብለው መዝግበውታል፣ ሳይነገራቸው አይጫንም። ሂሳቡም አለ። ካርጎ የሚያስከፍልህ ከክብደቱና ከሳጥኑ ስፋት የሚበልጠውን ነው። ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱን በሴንቲሜትር አባዝተህ ለ6000 ታካፍላለህ። 60 በ50 በ40 የሆነ ሳጥን 20 ኪሎ ተብሎ ይታሰባል፣ ውስጡ ያለው ሥጋ 12 ኪሎ ቢሆንም። ለዚህ ነው ፍሮዝን ሥጋ በብዛት በመርከብ የሚሄደው። በአየር መሄድ የሚያዋጣው ትኩስነቱ ገንዘብ የሚያወጣ ሲሆን ነው።

ታዲያ ምን አድርግ ነው የምልህ? ግልገሎቹን ስትቀጠቅጥ ያኔውኑ ወስን። የተወሰኑትን ሙክት አድርጋቸውና ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ያዛቸው፣ አዳማና አዲስ አበባ ደህና ዋጋ አላቸው። የቀሩትን ሳትቀጠቅጥ ለቄራ ያዝ። ሁዳዴ ሲገባ የሙክት ገበያ ይሞታል፣ የኤክስፖርት ቄራ ግን አይጾምም። ሁለቱንም የያዘ ሰው ሁለት ወር እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም።

ለቄራ የያዝካቸውን መርፌ አንገት ላይ እንጂ ታፋ ላይ አታስወጋ፣ መግል ይቋጥርና ታፋው ይጣላል። መድኃኒት የሰጠህበትን ቀን ጻፍ፤ ጠርሙሱ ላይ ለእርድ የተከለከለው ስንት ቀን እንደሆነ አለ፣ እሱ ሳያልቅ አትሽጥ።

የመጫኛው ቀን ሲደርስ ውኃ አጠጣቸው። ዱላውን አርቅ። ፀጉር፣ ቀንድ፣ ጭራ ይዞ መጎተት የለም፣ ከአፈር መወጣጫ ሥራና በእግራቸው ይውጡ። የመኪናው ወለል ላይ ገለባ ወይም አሸዋ ይኑር። አብረው ያደጉትን አብረህ ጫን፣ ወጠጤ ከማያውቀው ወጠጤ ጋር ሲገናኝ ሌሊቱን ሲጋጭ ነው የሚያድረው። ሞጆ ከእናንተ ሩቅ አይደለም። አመሻሽ ላይ በብርዱ ብትጭኑ ሌሊቱን ደርሰው፣ ውኃ ጠጥተው፣ ወዲያው ሲነጋ ሳይሆን ቀኑን አርፈው በማግስቱ ሌሊት ይታረዳሉ። ይሄን ዕረፍት ነጋዴው እንዲሰጣቸው ከመስማማትህ በፊት ጠይቀው።

ከጎረቤቶችህ ጋር ሆናችሁ አንድ መኪና የሚሞላ ካዘጋጃችሁ ደግሞ ቄራው ጋ በቀጥታ ደውሉ፣ የት የት እንዳሉ የወረዳችሁ የእንስሳት ባለሙያ ይነግራችኋል። በዓይን ግምት አትሽጡ፣ በሚዛን ይሁን። ስትደውሉ መጀመሪያ የምትጠይቁት ዋጋውን ሳይሆን የሚቀበሉትን ትንሹንና ትልቁን ኪሎ ነው፣ አለበለዚያ ሞጆ ድረስ ሄደህ አምስት ፍየል ይዘህ ትመለሳለህ።