የቀበናን ወንዝ የቱ ዲፓርትመንት ያጥናው?

ስለ አካባቢ ጥናት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ከአራት ኪሎም (ከሳይንሱ) ከስድስት ኪሎም (ከማኅበራዊ ሳይንሱ) ጥያቄ ጎርፏል። የቻልኩትን ልመልስ።

«በኬሚስትሪ ነው የተመረቅኩት። ማስተርሴን በአካባቢ ሳይንስ ብይዝ ሙያዬ አይበላሽብኝም?»

አይበላሽም። ኬሚስትሪሽን ግን አጥብቀሽ ያዢ። ከሁሉም ትንሽ ትንሽ የነካካ ሰው የተለያየ ሙያ ለሚያስፈልገው የጥናት ቡድን ብዙም አይጠቅምም።

«ቡድን ለምን አስፈለገ? ውሃውን መለካት አይበቃም?»

ቀበናን ተመልከት። ከእንጦጦ ተነስቶ፣ ከተማውን አቋርጦ ትልቁ አቃቂ ይገባል። ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያ አዋሽ። ላብራቶሪው ኦክስጅኑ ማነሱን ይነግርሃል። የመጸዳጃ ፍሳሽ ሲገባበት ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ፍሳሹስ ለምን ወንዝ ገባ? እዚህ ላይ ኬሚስቱ ዝም ይላል። የቤት ኪራይ፣ የይዞታ፣ የቱቦ ጉዳይ ይመጣል። ቱቦውን የሚያሰላው አምስት ኪሎ፣ የምህንድስናው ግቢ ነው፤ ነዋሪውን ቁጭ ብሎ የሚያዋየው ስድስት ኪሎ። ሦስቱም ግቢዎች በእግር ይደረሳሉ። ዲፓርትመንት ግን የትም አገር አጥር ይወዳል።

«ሶሺዮሎጂ ነኝ። ናሙና አወሳሰድ ለእኔ ምን ይሠራል?»

አንድ ቀን አብረሃቸው ወንዝ ውረድ። ጠርሙሱ በአሲድ ታጥቦ ነው የሚመጣው። ለብረታ ብረት ምርመራ የተቀዳ ውሃ ናይትሪክ አሲድ ጠብ ይደረግበታል፤ አለዚያ ብረቱ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ኦክስጅን እዚያው ወንዙ ዳር በመሣሪያ ቢለካ ይመረጣል፤ ውሃው ከቆየ ቁጥሩ ይለወጣል። ይህን ካየህ ሠንጠረዥ ስታነብ የቱን እንደምታምን፣ የቱን እንደምትጠረጥር ታውቃለህ። ኬሚስቶቹንም መጠይቅ ይዘህ ስትሄድ አስከትላቸው። ሳይንሱ ሰፈር መጠይቅን የሚንቁት ነገር ሁሌም ይገርመኛል።

«የመመረቂያ ርዕስ ጠቁመን።»

በትንሹ አቃቂ ውሃ የሚለማው ቆስጣና ሰላጣ። ቆዳ ፋብሪካዎች ክሮሚየም የተባለ ብረት ይጠቀማሉ፤ ቅጠሉ ውስጥ ምን ገባ የሚለው ብዙ ተጠንቷል። እኔ ብሆን ገበሬው ያንን ውሃ ቢከለከል በምን ይተዳደራል ብዬ እጨምርበት ነበር። በጋውንና ክረምቱን ደግሞ ለዩት፤ ዝናቡ ብክለቱን ያቀጥነዋል።

«ሥራስ አለ?»

በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን፣ ማለትም ፕሮጀክት በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን አስቀድሞ መመዘንን፣ ግዴታ አድርጓል። ስለዚህ አማካሪ ድርጅቶች ሰው ይፈልጋሉ። ዲግሪ ብቻውን ግን አያስቀጥርም። ጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ መሥራትና መተንተን) ቻል፣ ሪፖርት መጻፍ ልመድ፤ ከሌላ ፕሮጀክት የተገለበጠ ሪፖርት ከሩቁ ያስታውቃል።